ከገዳሪፍ እስከ በርሊን፦ ማለቂያ የሌለው የሚመስለውን የሲንተሳይዘር ዜማ ከየት ጀምሮ ማድመጥ ይቻላል?

ገዳሪፍ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የምትታወቀው በማሽላዋና በሰሊጧ ነው። ለአጨዳ የሚሻገረው ሳሉግ፣ በመተማና በጋላባት በኩል ሸቀጥ የሚያመላልሰው ነጋዴ፣ ከጦርነት ሸሽቶ ድንበር ያቋረጠው ስደተኛ፣ ሁሉም ስለ ከተማዪቱ የሚናገረው አለው። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሲነሣ ግን ገዳሪፍን የሚጠራ ሰው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እምብዛም አልነበረም።

ይህ የተለወጠው በ2023 ነው። ከገዳሪፍ አካባቢ የወጣው ሱዳናዊ ኪቦርድ ተጫዋች ጃንትራ በዚያ ዓመት “ሲንተሳይዝድ ሱዳን” በሚል ርእስ አንድ አልበም ለዓለም ገበያ አቀረበ። በረጅሙ ንኡስ ርእሱ ውስጥ “ፋሻጋ” የሚለው ስም ሰፍሯል፤ በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ለረጅም ዘመን ሲያወዛግብ የኖረው፣ በአትባራና በሰቲት ወንዞች አካባቢ የሚገኘው ለም የእርሻ መሬት። በዜና ዘገባ ከታንክና ከሚሊሻ ጋር ብቻ ሲጠራ የምንሰማው ስም በሙዚቃ አልበም ሽፋን ላይ መታየቱ ብዙዎችን አስገርሟል።

ጃንትራን ሰምተው “ይህን የመሰለ ሌላ ምን አለ?” ለሚሉ አንባቢዎች፣ ከእርሱ ተነሥተን ወደ ኋላ በመጓዝ ረጅም፣ ተደጋጋሚና አፍዝ አደንግዝ በሆነ የሲንተሳይዘር ዜማ ላይ የተመሠረቱ ቆየት ያሉ አልበሞችን እንጠቁማለን። ከእነዚህ አንዱ ወደ ኢትዮጵያ፣ ሌላውም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ይወስደናል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፋሻጋው ኪቦርድ

ጃንትራ የሚጫወተው በያማሃ ኪቦርድ ነው። በድግስ ላይ ምቱን ያስነሣና በቀኝ እጁ አጭር ዜማ ይይዛል፤ ያንኑ ዜማ ጥቂት በጥቂት እየለዋወጠ፣ እያሳጠረና እያስረዘመ ጨፋሪውን ይዞ ይቆያል። ድምፃዊ የለም። መጀመሪያና መጨረሻው በግልጽ የታወቀ “ዘፈን” የሚባል ነገርም የለም፤ በዚያው ቅጽበት እየተፈጠረ የሚሄድ ጨዋታ ነው። ይህ ስልት በሱዳን “ጃግላራ” ይባላል።

አልበሙን ያሳተመው ኦስቲናቶ ሬከርድስ ነው። “ኦስቲናቶ” በሙዚቃ ቋንቋ እየተደጋገመ የሚመላለስ አጭር ሐረግ ማለት ሲሆን፣ በጣልያንኛ ቀጥተኛ ትርጉሙ “ግትር” ነው። ለዚህ ዓይነት ሙዚቃ ከዚህ የተሻለ ስም ለማግኘት ያስቸግራል። አሳታሚው ቀደም ሲል የተቀዱ የጃንትራ ሥራዎችን፣ በድግስ ላይ ሲጫወት ከኪቦርዱ ከተወሰዱ ዜማዎችና ምቶች ጋር አቀናጅቶ ነው አልበሙን ያዘጋጀው። በዚህም ምክንያት አዲስም አሮጌም ነው ማለት ይቻላል።

ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ይህ ድምፅ ባዕድ አይሆንም። የማዕከላዊ ሱዳን ሙዚቃ እንደ እኛ ቅኝቶች በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ነው። መሐመድ ዋርዲና ሰይድ ኸሊፋ በኢትዮጵያ የተወደዱትም፣ ግጥማቸውን የማያውቅ አድማጭ ዜማቸውን እንደ ራሱ ስለተቀበለው ነው። አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ሙሉ ባንድ ተክቶ የሚጫወትበትን ሠርግም ቢሆን በአገራችን እናውቀዋለን። በ1990ዎቹ ትልልቆቹ ባንዶች ሲመናመኑ ቦታቸውን ኪቦርድ ያዘ፤ ብዙ የሙዚቃ አፍቃሪም “ነፍስ የለውም” ሲል አማረረ። ጃንትራን ሲያደምጡ ግን ጉድለቱ የመሣሪያው ነበር ወይስ የአጠቃቀሙ ብሎ መጠየቅ አይቀርም። መሣሪያው ሳክስፎን ወይም ቫዮሊን እንዲመስል አይገደድም፤ ኪቦርድነቱን ሳይደብቅ እንደ ክራር ይመታል።

ከዚሁ ከምሥራቅ ሱዳን ሌላ አልበም የሚሻ ሰው ኑሪ ከዶርፓ ባንዱ ጋር በ2022 ያወጣውን “ቤጃ ፓወር” ያድምጥ። ኑሪ ከፖርት ሱዳን ነው፤ የሚጫወትበትም ባህላዊውን ታምቡርና የኤሌክትሪክ ጊታርን በአንድ አካል ያጣመረ መሣሪያ ነው። ሲንተሳይዘር ላይ የተመሠረተ ባለመሆኑ ከርእሳችን ትንሽ ይወጣል፤ የመደጋገም ኃይሉ ግን ከጃንትራ አያንስም።

መደጋገሙ እንዴት ይሠራል?

በገና ሲደረደር ቀርቦ ያደመጠ ሰው የዚህን ሙዚቃ ምስጢር ግማሽ ያውቃል። ጣቶች ያንኑ መንገድ ደጋግመው ይመላለሳሉ፤ አውታሩ ይንዘረዘራል፤ አድማጩ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዜማውን መቁጠር ትቶ በድምፁ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ለውጦች መከተል ይጀምራል።

የ1970ዎቹ አውሮፓውያን ሙዚቀኞች ይህንኑ ያገኙት ሴኩዌንሰር በተባለ መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ በተርታ የተደረደሩ መዘውሮችን እያስተካከለ ስምንት ወይም አሥራ ስድስት ድምፅ ይሞላል፤ መሣሪያው እያንዳንዱን መዘውር በየተራ እያነበበ ድምፅ አመንጪውን በኤሌክትሪክ ኃይል ልክ ያዝዘዋል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሰው የሚሠራው ዜማውን መጫወት ሳይሆን ዜማውን መለወጥ ነው፤ አንዷን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፣ ሌላዋን ያጠፋል፣ ፊልተር በሚባለው የድምፅ ማጣሪያ አማካይነት ጥራቱን ከድፍን ወደ ስል ይወስደዋል። አንድ ለውጥ ለመሰማት ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ሥራዎቹ የሸክላውን አንድ ገጽ የሚሞሉትም ለዚህ ነው።

የበርሊኑ ትምህርት ቤት

የዚህ ስልት መነሻ ምዕራብ በርሊን ስለሆነ “የበርሊን ትምህርት ቤት” የሚል መጠሪያ ተሰጥቶታል። የመጀመሪያው ምክራችን ታንጀሪን ድሪም በየካቲት 1974 ያወጣው “ፌድራ” ነው። ኤድጋር ፍሮዘ፣ ክሪስ ፍራንከና ፒተር ባውማን በእንግሊዝ ገጠር በሚገኘው ማነር ስቱዲዮ ቀዱት። የርእሱ ሥራ ከ17 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በዚያ ዘመን የሙግ ሲንተሳይዘር ድምፅ አመንጪዎች በሙቀት ምክንያት ቅኝታቸው ይዛነፍ ነበር፤ ይህ መዛነፍ በሥራው ውስጥ በጆሮ ይሰማል። ሙዚቀኞቹ አልጣሉትም። እንዲያውም ሥራው በሕይወት ያለ፣ የሚተነፍስ ነገር የሚመስለው በዚህ ስሕተት የተነሣ ነው። ድምፃዊም ሆነ ከበሮ የሌለው ይህ አልበም በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ እስከ 15ኛ ደረጃ መድረሱ ያስደንቃል።

በዓመቱ የተከተለው “ሩቢኮን” ሁለት ክፍል ብቻ አለው፤ አንዱ በሸክላው ፊት ገጽ፣ ሌላው በጀርባው። በእኛ ግምት ከ“ፌድራ” ይልቅ የተስተካከለና ለአዲስ አድማጭ የሚቀልል ነው። በዚያው በ1975 የወጣው “ሪኮሼት” ደግሞ በመድረክ ካቀረቧቸው ሥራዎች የተነሣ ሲሆን ምቱ የበለጠ ይጠነክራል። ከጃንትራ ተነሥቶ የሚመጣ፣ መደነስ የለመደ ሰው ከ“ሪኮሼት” ቢጀምር መልካም ነው።

ክላውስ ሹልዘ ቀደም ሲል የታንጀሪን ድሪም ከበሮ መቺ ነበር። በ1975 ያወጣው “ታይምዊንድ” ሁለት ሥራዎች ብቻ ያሉት ሲሆን እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳሉ። አልበሙ ለጀርመናዊው አቀናባሪ ሪቻርድ ቫግነር መታሰቢያ ነው፤ “ዋንፍሪድ 1883” የሚለው ርእስ የቫግነርን ቤትና የሞተበትን ዓመት ያጣምራል። ሹልዘ ከባድ ነው፤ ቸኩሎ የሚያደምጠው ሰው “ምንም ነገር አልሆነም” ብሎ ይዘጋዋል። በ1977 የወጣው “ሚራዥ” ከዚህ ይልቅ ጥርት ያለና ቀዝቃዛ ነው፤ በተለይ “ክሪስታል ሌክ” የሚለው ሥራ እንደ ውኃ ጠብታ ከሚንጠባጠብ ድምፅ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ወንዝነት ያድጋል።

የፈረንሳዊው ዣን ሚሼል ዣር “ኦክሲጅን”፣ 1976፣ ከሁሉም ይበልጥ የታወቀ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። የማይካኤል ሆኒግ “ዲፓርቸር ፍሮም ዘ ኖርዘርን ዌስትላንድ”፣ 1978፣ ግን ካለው ጥራት አንጻር የሚገባውን ያህል አልተደመጠም።

የዚህ ሁሉ መደምደሚያ የማኑኤል ጎትሺንግ “ኢ2-ኢ4” ነው። ጎትሺንግ በታኅሣሥ 1981 በገዛ ስቱዲዮው ብቻውን ተቀምጦ ለአንድ ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ ተጫወተ። ርእሱ በቼዝ ጨዋታ የንጉሡ ወታደር ሁለት እርምጃ የሚራመድበት የታወቀ መክፈቻ ነው። ሁለት ኅብረ ድምፆች ብቻ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ፤ ከአጋማሹ በኋላ ጊታር ይገባል። ሸክላው በ1984 ሲወጣ በትውልድ አገሩ ብዙ አልተወራለትም፤ በኒው ዮርክ ጭፈራ ቤቶች ግን ተወደደ፤ በ1989 ደግሞ ጣልያናውያን “ሱዌኞ ላቲኖ” ለተባለው የዳንስ ሙዚቃ መሠረት አደረጉት። ዛሬ በየጭፈራ ቤቱ ለሚሰማው ሙዚቃ ከአባቶቹ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

ኃይሉ መርጊያና “ክላሲካል” መሣሪያው

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በ1977 “ቸ በለው” በተባለው የባንዱ አልበም የታወቀ ሲሆን፣ ባንዱ በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ከሄደ በኋላ እዚያው ከቀሩት አንዱ ነው። በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ ወደሚገኝ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ገብቶ ብቻውን “ሸሞንሟናዬ”ን ቀዳ።

ከእርሱ ጋር የነበሩት አኮርዲዮን፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረው ያማሃ ዲኤክስ 7 እና የከበሮ ማሽን ናቸው። ኃይሉ በልጅነቱ የተማረው መሣሪያ አኮርዲዮን ነበር፤ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ወደ ኦርጋን ሲያዘነብል አኮርዲዮን ተረሳ። በዚህ አልበም ያንን የተረሳ ድምፅ ከማሽኑ ምት በላይ አስቀመጠው። “አምባሰል”ንና “ሽለላ”ን የሚያውቅ አድማጭ ዜማዎቹን ወዲያው ይለያቸዋል፤ ከሥራቸው የሚሄደው ተደጋጋሚ የሲንተሳይዘር ሐረግ ግን ወደ ሌላ ዓለም ይወስዳቸዋል።

እውነቱን ለመናገር የኃይሉ ሥራዎች እንደ በርሊኖቹ ረጅም አይደሉም፤ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ አንድም የለም። ኃይሉ ስለ በርሊኖቹ ይወቅም አይወቅ አልበሙን ለመውደድ ልዩነት የለውም። ያም ሆኖ የሚያሳድሩት ስሜት አንድ ነው። ማሽኑ ሳይደክም ይሄዳል፤ በላዩ ላይ የሰው ትዝታ ይንሳፈፋል። ከዚህ ዝርዝር አንድ አልበም ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ይህንን ነው።

ካሴቱ በኢትዮጵያ ተሸጠ፤ ዘመኑ ሲያልፍ ከገበያ ጠፋ። ኃይሉም በዋሽንግተን ታክሲ እያሽከረከረ ለብዙ ዓመታት ኖረ፤ ደንበኛ በሚጠብቅባቸው ሰዓታት ከመኪናው ዕቃ ማስቀመጫ አነስተኛ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። “ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ” የተባለው አሳታሚ መሥራች ብራያን ሺምኮቪትዝ ያንን ካሴት በባሕር ዳር አገኘው፤ ባለቤቱንም ፈልጎ ደረሰበት፤ በ2013 በስምምነት እንደገና አሳተመው። ከዚያ ወዲህ ኃይሉ በዓለም መድረኮች መጫወት ጀምሯል፤ በ2018ም “ላላ በሉ” የተባለውን አዲስ አልበም አውጥቷል። አንድ ካሴት ባሕር ዳር ላይ ባይተርፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ከዛር እስከ ኤሌክትሮኒክስ

ከሁሉም በፊት የነበረው ሰው ግን ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ ነው። በ1944 በካይሮ ከአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ድምፅን በሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ ሴቶች የሚያካሂዱትን የዛር ሥርዓት ቀዳ። ከዚያም በጣቢያው ስቱዲዮ ድምፁን እያጣራና የገደል ማሚቶ እየጨመረ ሰዋዊነቱ እስኪደበዝዝ ድረስ ለወጠው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በዚህ ዘዴ በፓሪስ ከመታወቁ አራት ዓመት ይቀድማል።

ዛር ለጎንደርም ለገዳሪፍም እንግዳ አይደለም። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1932 በጋላባት በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በጎንደር ያጠናው ይህንኑ ሥርዓት ነበር። ከበሮው አንድ ዓይነት ምት እየደጋገመ ሰውን ከራሱ እስኪያወጣው የሚቀጥልበት ሥርዓት፣ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃዎች ለአንዱ ጥሬ ዕቃ መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ አይመስለንም።

ኤል ዳብ ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትንና በገናን በአንድ መድረክ ያሰባሰበው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም በ1963 የተመሠረተው በእርሱ ነው። በ1959 በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማእከል የሠራው “ለይላ ኤንድ ዘ ፖኤት” በ1964 በሸክላ ታትሟል። አጭር ነው፤ እንደ በርሊኖቹም በምት አይሄድም፤ ነገር ግን የሰው ድምፅና መሣሪያ እየተመላለሱ የሚያፈዝዙበት መንገድ ለዚህ ዝርዝር ያበቃዋል።

ሌሎች የአፍሪካ አልበሞች

የኒጀሩ ማማን ሳኒ በ1978 በአንድ ኦርጋን ብቻ የሠራው፣ በ2013 እንደገና የታተመው “ላ ሙዚክ ኤሌክትሮኒክ ዱ ኒጀር” ለብቸኛ ምሽት የሚሆን ነው። የናይጄሪያው ዊልያም ኦንየቦር፣ በተለይ የ1978ቱ “አቶሚክ ቦምብ”፣ ደግሞ ለተቃራኒው፤ ቤት ሰው ሲሞላ። በሱዳን በኩል በ2018 የታተመው “ቱ ናይልስ ቱ ሲንግ ኤ ሜሎዲ” የተባለው ስብስብ የካርቱም ቫዮሊኖች ሲንተሳይዘርን እንዴት እንደ ተቀበሉት ያሳያል። ከአገራችን አዲሱ ትውልድ የሚካኤል ሰይፉ “ዘላለም”፣ 2016፣ ባህላዊ ድምፆችን በኮምፒውተር ከተሠራ ምት ጋር ያገናኛል።

የቀረውና የጠፋው

ጃንትራ አልበሙን ያወጣበት 2023 በሱዳን ጦርነት የተቀሰቀሰበት ዓመትም ነው። ውጊያው ሚያዝያ 15 በካርቱም ሲጀመር፣ በኦምዱርማን የሚገኘው የአገሪቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ገባ፤ ጦር ሠራዊቱ መልሶ የያዘው በመጋቢት 2024 ነበር። በሕንፃው ውስጥ ከነጻነት በፊት ጀምሮ የተከማቸ የድምፅ ቅጂ ይገኝ ነበርና የሱዳን ሙዚቃ አፍቃሪዎች ለወራት በጭንቀት ጠበቁ።

ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ቀደም ብሎም አደጋ ሲያንዣብብባቸው ኖረዋል። በ1989 ሥልጣን የያዘው የኦማር አል በሺር መንግሥት ሙዚቃን ሲያጠብብ ብዙዎች ተሰደዋል፤ ድምፃዊው ኾጃሊ ዑስማን በ1994 በኦምዱርማን በሙዚቀኞች ማኅበር ውስጥ በስለት ተገድሏል። ከ2023ቱ ጦርነት የሸሹ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ተሻግረው በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፍረው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት በተቃራኒው አቅጣጫ ከትግራይ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን በገዳሪፍ ግዛት ወደ ኡም ራኩባ የገቡበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው፣ የአንድ ድንበር ሁለት በር ያያል። የሠርግ ሙዚቃ በስልክ ሜሞሪ ካርድ ነው የሚኖረው፤ ሰው ሲሸሽ ስልኩን ይዞ ሊሸሽ ይችላል፤ በመንገድ ላይ ሊነጠቅም ይችላል። ከጃንትራ ሥራ ለኅትመት የበቃው አንድ አልበም ከዚህ ጦርነት ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ለማሰባሰቡ ዕድል መገኘቱ ያጠራጥራል።

ለጀማሪ አድማጭ

በስልኩ ድምፅ ማጉያ ማድመጥ አይመከርም፤ የሙዚቃው ግማሽ ያለው በወፍራሙ ድምፅ ውስጥ ስለሆነ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል። ሥራዎቹ ረጅም በመሆናቸው ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ያለ ሰው አስቀድሞ ቢያወርዳቸው ይሻላል፤ “ሩቢኮን” መካከል ላይ ሲቋረጥ ከአዲስ መጀመር እንጂ ካቆመበት መቀጠል ትርጉም የለውም።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ከ“ሸሞንሟናዬ” ተነሥቶ ወደ ጃንትራ፣ ከዚያም ወደ “ሪኮሼት”ና “ሩቢኮን” መሄድ ጆሮን ቀስ በቀስ ያለማምዳል። ሹልዘ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። “ኢ2-ኢ4” ደግሞ አንድ ሙሉ ሰዓት ነጻ እስኪሆኑ ድረስ ይቆይ፤ ከጎንደር ወደ መተማ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ግን ጭልጋን ሳያልፍ ሊጨርሰው ይችላል።